ደረጃውን ማን ያጥበዋል?

በማኅበራችን የብር ኢዮቤልዩ በዓል ላይ፣ ናይሮቢ ለተሰበሰቡ አባላትና ቤተሰቦቻቸው የተደረገ ንግግር





የበዓሉ አዘጋጅ ኮሚቴ «ስለ ሴቶችና ስለ ሥነ ጥበብ ትንሽ ብትነግሪን» ሲለኝ፣ በልባቸው ያሰቡት ጥልፍና ስፌት እንደነበረ ከፊታቸው አንብቤአለሁ። የጥልፉም የስፌቱም ክብር የተጠበቀ ነው። እኔ ግን እንጀራዬ የቤት ፕላን መንደፍ ስለሆነ፣ ሥነ ጥበብ ከሕንፃ ጋር የተጋጠመበትን አንድ ታሪክ መርጬ መጥቻለሁ። ለአንዳንዶቻችን እንግዳ ነገር ይሆናል፤ ትንሽ ታገሱኝ። ከሩቅ ይነሣል እንጂ የሚያርፈው እዚሁ፣ ልንሠራው ባሰብነው አዳራሽ ጓዳ ውስጥ ነው። ዓመተ ምሕረቱን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምናገረው።

በአሜሪካ አገር፣ በኮነቲከት ግዛት፣ ሃርትፎርድ የምትባል ከተማ አለች። እዚያ ዋድስዎርዝ አቴኒየም የሚባል ትልቅ የሥነ ጥበብ ሙዚየም ይገኛል፤ በ1842 የተመሠረተ፣ ፊቱ እንደ ጥንት ግንብ የተሠራ ነው። በ1973 በጁላይ ወር አንዲት ሴት ባልዲና ጨርቅ ይዛ ወደዚህ ሙዚየም መጣች። ውኃውን በመግቢያው ደረጃ ላይ ደፋችና ተንበርክካ ድንጋዩን ትፈትግ ጀመር። ጎብኚ ይመጣል፣ ረግጦ ያልፋል፤ እርሷ ተመልሳ የጫማውን ዱካ ታጥባለች። ሌላው ይመጣል፤ እንደገና። ውጭውን አራት ሰዓት፣ ውስጡን ደግሞ ሌላ አራት ሰዓት። የውስጡን ወለል የወለወለችበት ጨርቅ የሕፃናት የሽንት ጨርቅ ነበር።

ሴትዮዋ የጽዳት ሠራተኛ አልነበረችም። ሚርል ላደርማን ዩከሊስ የምትባል አርቲስት ነች፤ ሙዚየሙ ውስጥ የሴቶች ሥራ ለሚታይበት ኤግዚቢሽን ነው የመጣችው። ያቀረበችውም ሥራ ይኸው ማጠቡ ነው።

«ይኼም ሥነ ጥበብ ሆነ እንዴ?» የሚል ድምፅ ከወንበሮቹ መካከል የሰማሁ መሰለኝ። ልክ ነው፣ ይጠየቃል። እኔም መጀመሪያ ሳነበው ያልኩት ያንኑ ነው። እናቴ የቤታችንን ደረጃ ዕድሜ ልኳን ስታጥብ ማንም ኤግዚቢሽን አልጠራትም። በኋላ እንደገባኝ ግን የዩከሊስ ጥያቄ ይኸው ነበር፤ ለምን አልተጠራችም?

ይህ ዓይነቱ ሥራ ፐርፎርማንስ አርት ይባላል። አርቲስቱ ሸራና ቀለሙን ትቶ በገዛ አካሉ፣ በተወሰነ ቦታና ሰዓት አንድ ነገር ያደርጋል። ቲያትር አይደለም፤ ገጸ ባሕርይ የለውም፣ ሰው ሌላ ሰው መስሎ አይታይበትም። በ1960ዎቹና በ1970ዎቹ በአሜሪካና በአውሮፓ ብዙ ሴቶች ይህን መንገድ የያዙበት ምክንያት ነበራቸው። የሴት አካል በሙዚየሞች ግድግዳ ላይ ሞልቶ ይታይ ነበር፤ የሣዩ እጅ ግን አብዛኛውን ጊዜ የወንድ ነበር። እነዚህ ሴቶች «አካሉ የእኔ ከሆነ እኔው ልናገርበት» አሉ። ደግሞም፣ ነገሩን ለማሳመር አልዋሽም፣ ርካሽ ነው። ስቱዲዮ ለሌላት፣ ልጅ ለያዘች ሴት፣ አካሏ ሁልጊዜ አብሯት ነው።

ከእነርሱ መካከል የተወሰኑት አካላቸውን ይዘው በቀጥታ ወደ ሕንፃ ሄዱ። ለምን ወደ ሕንፃ? እዚህ ላይ አንድ የሙያችንን ምሥጢር ላውጣ። ሌ ኮርቡዚየ የሚባለው ታላቅ የኪነ ሕንፃ ሰው በ1940ዎቹ «ሞዱሎር» የሚባል የመለኪያ ሥርዓት አወጣ። የጣሪያው ከፍታ፣ የወንበሩ፣ የመደርደሪያው ልክ ሁሉ ከሰው አካል ይወሰድ አለ። መልካም ሐሳብ ነው። የማን አካል? ቁመቱ 1 ሜትር ከ83 የሆነ፣ እጁን ወደ ላይ ሲዘረጋ 2 ሜትር ከ26 የሚደርስ ወንድ። መጀመሪያ 1 ሜትር ከ75 ነበር ያለው፤ ኋላ ግን በእንግሊዝ የወንጀል ልብ ወለዶች ውስጥ መልከ መልካሙ ሰው ሁልጊዜ ስድስት ጫማ ቁመት አለው ተብሎ ወደ 1.83 ከፍ አደረጉት። ቀልድ አይደለም፤ ራሱ የተናገረው ነው። እንግዲህ እናንተ እናቶች በየቤታችሁ የላይኛው መደርደሪያ ላይ ለመድረስ በርጩማ ስትፈልጉ፣ ጥፋቱ የቁመታችሁ አለመሆኑን እወቁት።

በዚያው ዘመን በኦስትሪያ ዋና ከተማ በቪየና ቫሊ ኤክስፖርት የምትባል አርቲስት ነበረች። የተወለደችው በ1940 ነው። በ1967 የአባቷንም የባሏንም የቤተሰብ ስም ትታ፣ ከአንድ የሲጋራ ፓኬት ላይ «ኤክስፖርት» የሚለውን ወስዳ የራሷ ስም አደረገችው። ከ1972 ጀምሮ በቪየና ጎዳናዎች እየዞረች አካሏን ከሕንፃዎቹ ጋር ታጋጥም ጀመር። በትላልቅ የመንግሥት ሕንፃዎች ደረጃ ላይ እንደ ደረጃው ተሰብራ ትተኛለች። በግድግዳ ማዕዘን ውስጥ እንደ ማዕዘኑ ታጥፋ ትቀመጣለች። የእግረኛ መንገዱ ጠርዝ በሚጠማዘዝበት አስፋልት ላይ ወርዳ፣ እንደ ጠርዙ ጎብጣ ትጋደማለች። ይህ በጥቁርና ነጭ ፎቶግራፍ ይነሣል፤ በአንዳንዶቹ ፎቶግራፎች ላይ በቀለም መስመር አስምራባቸዋለች። በ1976 የተነሣው ያ የአስፋልቱ ጠርዝ ፎቶግራፍ፣ በቀይ ቀለም የተሰመረበት፣ ዛሬ ኒው ዮርክ በሚገኘው የዘመናዊ ሥነ ጥበብ ሙዚየም ይገኛል።

ፎቶግራፎቹን ለመጀመሪያ ጊዜ ሳይ ወገቤን አመመኝ። ምንም አልገጠመም እኮ! ድንጋዩ ቀጥ ያለ ነው፣ አካሏ ቀጥ አይልም። ትታጠፋለች፣ ትጎብጣለች፣ ትጠማዘዛለች፤ ድንጋዩ ግን አንዲት ሣንቲም አልተነቃነቀም። እኛ የዕለት ተዕለት ኑሯችን ውስጥ ይህንኑ ስናደርግ አይታየንም፤ እርሷ አስፋልት ላይ ተጋድማ አሳየችው።

ከቪየና ሳንወጣ ለፍትሕ ስል አንድ ነገር ልጨምር። ሕንፃን ለሴት አካል ለመለካት የሞከረችም ያንኑ ከተማ ልጅ ነበረች። ማርጋሬተ ሹተ ሊሆትስኪ ትባላለች። በ1926 በጀርመን አገር ለፍራንክፈርት የሠራተኞች ቤቶች አንድ ማድ ቤት ነደፈች። ሴት በማድ ቤት ውስጥ ስንት እርምጃ እንደምትሄድ አስለክታ፣ ሁሉንም በእጅ የሚደረስበት ቦታ አስቀመጠችው። ወርዱ 1.9 ሜትር፣ ርዝመቱ 3.4 ሜትር። አሥር ሺህ ያህል ተሠራ። በየአፓርታማችን ያለው ኪችን ሁሉ የእርሱ የልጅ ልጅ ነው። ኋላ የመጡ ሴቶች ግን አንድ ጉድለት አዩበት፤ ማድ ቤቱ የሚይዘው አንድ ሰው ብቻ ነው። ሴትዮዋ ድካሟ ቀነሰ፣ ብቻዋንም ቀረች። ይህን ነጥብ ያዙልኝ፤ እመለስበታለሁ።

አሁን ወደ አሜሪካ ልመልሳችሁ፤ ዩከሊስ ደረጃውን ካጠበችበት ቀን ዓመት ተመንፈቅ ያህል ቀደም ብሎ፣ ወደ ሎስ አንጀለስ። ጁዲ ቺካጎና ሚርያም ሻፒሮ የተባሉ ሁለት አርቲስቶች ከተማሪዎቻቸው ጋር በሆሊውድ ሰፈር ሊፈርስ የተተወ ባለ 17 ክፍል ቤት አገኙ። መስኮቱ የተሰበረ፣ ውኃ የሌለው። ልጃገረዶቹ ራሳቸው መስተዋት ገጠሙ፣ ግድግዳ ለሰኑ፣ ቀለም ቀቡ። ከዚያ እያንዳንዱን ክፍል ሥራ አደረጉትና በ1972፣ ከጃንዋሪ 30 እስከ ፌብሩዋሪ 28፣ «ዉማንሃውስ» ብለው ለሕዝብ ከፈቱት፤ የሴት ቤት ማለት ነው። አሥር ሺህ ያህል ሰው አየው።

የመታጠቢያ ክፍሉን ለዚህ ጉባዔ ልዝለለው፤ አባቶች አመስግኑኝ። ማድ ቤቱ ግን ከግድግዳ እስከ ጣሪያ ሮዝ ነበር። ጣሪያው ላይ የተጠበሰ እንቁላል ተለጥፏል፤ እንቁላሎቹ በግድግዳው ላይ ወደ ታች በወረዱ ቁጥር እየተለወጡ ጡት ይሆናሉ። በልብስ ቁም ሣጥኑ ውስጥ የቆመች የሴት ምስል ነበረች፤ አንሶላ የተደረደረባቸው መደርደሪያዎች አካሏን እየቆረጡ ያልፋሉ፤ አንድ እግሯ ብቻ ለመውጣት ወደ ውጭ ተራምዷል። ያቺን ምስል ያየ ሰው ስለ ቤትና ስለ ሴት ረጅም ንግግር አያስፈልገውም።

በዚያው ቤት ሳሎን ውስጥ ትርዒቶች ይቀርቡ ነበር። አንዷ ተንበርክካ ወለል ትፈትጋለች፤ ሌላ ምንም የለም፣ መፈተግ ብቻ። ሌላዋ አንሶላ ትተኩሳለች። ፌይዝ ዋይልዲንግ የምትባለው ደግሞ እጇን ጭኗ ላይ አድርጋ ተቀምጣ፣ ወደፊትና ወደ ኋላ እየተወዛወዘች፣ ሴት ከልደቷ እስከ እርጅናዋ የምትጠብቀውን ሁሉ በተራ ትዘረዝራለች። እስኪያጎርሷት መጠበቅ፣ እስክታድግ መጠበቅ፣ ባል መጠበቅ፣ ልጅ መጠበቅ፣ ልጆቹ ከቤት ወጥተው እስኪጠይቋት መጠበቅ። ሩብ ሰዓት ያህል ይፈጃል። ናይሮቢ ላለን ሰዎች መጠበቅ ምን እንደሆነ ማስረዳት የሚያስፈልገኝ አይመስለኝም። በዚህ አዳራሽ ውስጥ ፕሮሰስ ስትጠብቅ ልጅ ወልዳ፣ ልጇ ትምህርት ቤት የገባባት እናት አለች።

ቤቱ ከትርዒቱ በኋላ ፈረሰ። የቀረው ፎቶግራፍና ፊልም ነው።

እንግዲህ ወደ ዩከሊስ፣ ወደ ደረጃዋ። ስታረግዝ አንድ መምህሯ ከእንግዲህ አርቲስት መሆን እንደማትችል ነግሯት ነበር። ልጇን ከወለደች በኋላ፣ በ1969፣ ተቀምጣ አንድ መግለጫ ጻፈች። ሐሳቡ በአጭሩ እንዲህ ነው። በዓለም ላይ ሁለት ዓይነት ሥራ አለ፤ አዲስ ነገር መፍጠርና የተፈጠረውን ጠብቆ ማቆየት። የመጀመሪያው ያስመሰግናል፣ ሪባን ያስቆርጣል። ሁለተኛው ነው ቀኑን ሁሉ የሚበላው፤ ዳይፐር፣ ዕቃ፣ ወለል፣ አቧራ። ከዚያ፣ እንግዲያው የማደርገውን ይህን ጽዳት ሁሉ ሙዚየም ውስጥ ገብቼ አደርገዋለሁ፣ ሥራዬም እርሱ ይሆናል አለች።

በሃርትፎርድ ያደረገችው መታጠብ ብቻ አልነበረም። በሙዚየሙ ውስጥ አንድ የግብፅ ሬሳ ያለበት የመስተዋት ሣጥን ነበር። የጽዳት ሠራተኛው በየጊዜው ይወለውለዋል። ዩከሊስ አንድ ቀን እርሷ ወለወለችውና «ይህ አሁን የሥነ ጥበብ ሥራ ሆኗል» ብላ ማኅተም አደረገችበት። የሥነ ጥበብ ሥራን ደግሞ የጽዳት ሠራተኛ እንዲነካው አይፈቀድለትም፤ ባለሙያው ብቻ ነው። ስለዚህ ከዚያ በኋላ መስተዋቱን መወልወል የተማረው ሰው ተራ ሆነ! ያው መስተዋት፣ ያው ጨርቅ፣ ያው አቧራ፤ የተለወጠው የሠራው ሰው ስም ብቻ ነው። ሌላ ቀን ከጥበቃዎቹ ቁልፍ ተቀብላ ክፍሎችንና ቢሮዎችን ትቆልፍና ትከፍት ጀመር፤ ቢሮ ውስጥ የነበሩት ትልልቅ ሰዎች በጣም ተናደዱ። ጥበቃው በየማታው ሲቆልፍባቸው ግን ማንም ልብ ብሎት አያውቅም።

እንደ ቀልድ አላቆመችውም። ከ1977 ጀምሮ ያለ ደመወዝ የኒው ዮርክ ከተማ ጽዳት መሥሪያ ቤት አርቲስት ሆነች። በ1979 እና በ1980 ከተማውን ሰፈር በሰፈር እየዞረች 8,500 የሚሆኑትን የቆሻሻ ሠራተኞች አንድ በአንድ ጨበጠቻቸው፤ ከተማዋን በሕይወት ስላቆያችኋት አመሰግናለሁ እያለች።  እኔ ከሥራዎቿ ሁሉ የምወደው ይህንን ነው፤ አብዛኞቹ ወንዶች መሆናቸውን አስተውሉልኝ። ነገሩ የተነሣው ከእናትነትና ከቤት ወለል ነው፤ የደረሰው ግን ማንም የማያየውን ሥራ ወደሚሠራ ሰው ሁሉ ነው።

አሁን የራሳችን ጉዳይ ላይ ደርሰናል።

አዲስ አበባ ያደግን ሁላችን ሰርቪስ ቤትን እናውቃለን። ዋናው ቤት ከፊት፣ ሳሎኑ፣ ምንጣፉ፣ ብፌው፤ ከኋላ ሰርቪሱ፤ ማድ ቤቱ፣ ዕቃ ቤቱ፣ የሠራተኛዋ ክፍል። ዝናብ ሲዘንብ ወጡ በዝናብ ውስጥ ነው የሚሻገረው። እዚህ ናይሮቢም «ኤስ ኪው» ይሉታል እንጂ ያው ነው። በገጠራችን ደግሞ ምሰሶና ማገሩን ወንዶች ያቆማሉ፤ ግድግዳውን በጭቃ መለሰኑ፣ ወለሉን በእበት መለቅለቁ በብዙ ቦታ የሴቶች ሥራ ነው። ምሰሶው አንድ ጊዜ ይቆማል፤ መለቅለቁ ግን ማለቂያ የለውም። «ቤት ሠራ» የሚባለው ግን እርሱ ነው።

ሁላችሁም እንደምታውቁት ማኅበራችን ለሃያ አምስት ዓመት አዳራሽ ሲከራይ ኖሮ አሁን በራሱ ቦታ ላይ ሊሠራ ነው። ፕላኑን በነፃ የነደፍኩት እኔ ነኝ። ፕላኑ ሲቀርብ አጨበጨባችሁልኝ። በሥዕሉ ላይ፣ በሙያችን ልማድ፣ የአዳራሹ ስፋት እንዲታወቅ ትንንሽ ሰዎች አስገብቼ ነበር። ሱፍ የለበሱ፣ ቁመታቸው 1 ሜትር ከ80፣ አንዳንዶቹ ብርጭቆ የያዙ። ስብሰባው ሲያልቅ አንዲት እናታችን መነጽራቸውን አድርገው ሥዕሉን ለረጅም ጊዜ አዩና፣ «የኔ ልጅ፣ እዚህ ላይ እኔ የታለሁ?» አሉኝ።

እኔም በኩራት «እማማ፣ ማድ ቤቱ ይኸውልዎት» ብዬ ከኋላ ያለውን ሣጥን አሳየኋቸው። ውስጡ ባዶ ነበር። አዳራሹ ውስጥ ሠላሳ ሰው ሥያለሁ፤ ማድ ቤቱ ውስጥ አንድም ሰው አልሣልኩም። እርሳቸው በጣታቸው ተከተሉት። «ይህ ደረጃ ነው?» አዎ፣ አራት ደረጃ፤ መሬቱ ተዳፋት ስለሆነ። «ጎላውን ይዘን በዚህ ነው የምንወጣው?» ዝም አልኩ። «ይኼስ?» የዕቃ ማጠቢያው ነው። አንድ ገንዳ ነበር፤ ለአንድ ሰው። ያ የፍራንክፈርቱ ማድ ቤት መሆኑ ነው፤ ተማሪ ቤት ያጠናሁት፣ የማደንቀው። በመስቀል፣ በገና፣ በለቅሶ ጊዜ የእኛ ማድ ቤት ውስጥ ስንት ሴት እንደሚገባ አውቃለሁ፤ እኔ ራሴ ሽንኩርት ከትፌበታለሁ። አሥር፣ አሥራ ሁለት ሰው ነው። ሦስት ጂኮ ከሰል ይቀጣጠላል፤ መብራት ከጠፋ አምስት። ለጢሱ የሰጠሁት አንዲት መስኮት ነበረች፤ እርሷም ወደ አጥሩ የምታይ።

ሴት ነኝ፣ ሴቶቹ የት እንደሚቆሙ ሳልሥል ቀረሁ። ይህን በእናንተ ፊት የምናገረው ለመጸጸት አይደለም። ሙያው እጄን እንዴት እንዳስለመደው ለማሳየት ነው። ኤክስፖርት አስፋልት ላይ ስትጋደም የሚታየውን ጉብጠት፣ እኔ በእርሳስ ለእናቶቼ ላስቀምጥላቸው ነበር፤ ለሚቀጥለው ሃምሳ ዓመት፣ በሲሚንቶ።

ፕላኑን ለማሻሻል ለኮሚቴው አመልክቻለሁ። ማድ ቤቱ ከአዳራሹ ወለል እኩል ይነሣል፤ ለዚህም አፈር መሙላትና መደገፊያ ግንብ ያስፈልጋል፤ ወጪው ይጨምራል። አንዳንድ ወንድሞቻችን «አዳራሹ ይቅደም፣ ጓዳው በኋላ ይደርሳል» ብለዋል። ክፋት የለባቸውም፤ ገንዘቡን ያውቁታል፣ ለሰበሰቡትም ምስጋና ይገባቸዋል። ግን መሠረት አንድ ጊዜ ከፈሰሰ በኋላ ከፍታ አይለወጥም። «በኋላ» የሚባል ነገር በሲሚንቶ ሥራ የለም። የመድረኩን ስፋት መቀነስ፣ የመግቢያውን ዕብነ በረድ በተራ ድንጋይ መለወጥ ይቻላል፤ ሒሳቡን ሠርቼ ለገንዘብ ያዡ ሰጥቻለሁ።

ስለዚህ ድምፅ ከመስጠታችሁ በፊት አንድ ነገር እለምናችኋለሁ። የፊታችን ቅዳሜ ጠዋት በሦስት ሰዓት ሁላችንም ቦታው ላይ እንገናኝ። ማድ ቤቱን በልኩ መሬት ላይ በኖራ አሰምረዋለሁ፤ አራቱን ደረጃዎች ደግሞ በብሎኬት እሠራቸዋለሁ። እናቶች የምትቆሙበት ላይ ቁሙ፤ ጎንበስ የምትሉበት ላይ ጎንበስ በሉ፤ ሜትሩን እኔ እይዛለሁ፣ የክርናችሁን ከፍታ እለካለሁ። አባቶችና ወንድሞች ደግሞ ጎላውን ለሁለት ይዛችሁ ደረጃውን ትወጣላችሁ። ባዶውን አይደለም፤ ውኃ እንሞላዋለን።

ሻይና አምባሻ ይኖራል። ብርጭቆውን የሚያጥቡትን ሰዎች ዝርዝር የማኅበሩ ጸሐፊ በሩ ላይ ለጥፈውታል። ስትወጡ ስማችሁን ፈልጉ፤ ዘንድሮ ዝርዝሩ ላይ አዳዲስ ስሞች አሉ።